ባለ እጅ ነኝ

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት የቢላ ትእዛዝ ልመዘግብበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሕይወት ዓለምነው፣ ቀጥቃጭ፣ ደብረ ታቦር» ብዬ በትልቁ ጽፌ ሳልጨርስ ልቤን የሚያበግን እንግዳ መጣ። እንግዲህ ትእዛዙ ይቆይና ይህን ልጻፈው።

የመጡት ጋሽ ካሳሁን ናቸው፣ የሞገስ አባት። የልጃቸው እጮኛ እንደሆንሁ አያውቁም፤ ወይም እንደማያውቅ ሰው ይሆናሉ። ሞገስ «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ፤ እስከዚያ ለአባቴ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ» ካለኝ ሦስት ወር ሆነ። ቀስ ማለቱን አልጠላሁበትም። አስተማሪ ስለሆነ ሁሉን ነገር ቀስ አድርጎ ነው የሚያስረዳው።

ጋሽ ካሳሁን ከደጅ ቆመው በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር ከብብታቸው አወጡ። የአደን ካራ ነው። የሠራው አያቴ ነው፤ ከስለቱ ግርጌ ያሉትን ሦስት ጭረቶች አይቼ አወቅሁት። የጎሽ ቀንድ እጀታው ተሰንጥቆ ስለቱ ተነቃንቋል።

«አባቴ ቆላ ወርዶ ጎሽ የጣለበት ነው» አሉ። «ከልጆቼ አላሳንሰውም። ቤት ቢቃጠል መጀመሪያ የማወጣው እሱን ነው። አንተ ዓለምነው፣ እጅህ አልደከመም መቼም?»

አባዬን «አንተ» ይሉታል። ዕድሜያቸው እኩል ነው። አባዬ እሳቸውን «አንቱ» ይላቸዋል።

«አልደከመም፣ ጌታው» አለ አባዬ፤ እጁን ከጋቢው ሳያወጣ። ብርድ ነበር።

በንጹሕ ብርጭቆ ውሃ አመጣሁላቸው። «ጾም ነው» አሉ። ቅዳሴ ከወጣ ሁለት ሰዓት አልፎት ነበር፤ ደወሉን ሁላችንም ሰምተናል። ብርጭቆውን ይዤ ትንሽ ቆምሁና ፊት ለፊታቸው ራሴ ጠጣሁት፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ።

በጨዋ አፍ «ባለ እጅ» ይሉናል። ዞር ስንል «ቡዳ»። በቢላችን ቆርጠው ይበላሉ፣ በማረሻችን አርሰው ይበላሉ፤ ከቤታችን ውሃ ግን አይጠጡም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ከሰሉ እርጥብ። ወናፉ ተቀዶ ሰፋሁት። የካራው እጀታ እየወለቀ ነው፤ ከውስጥ ዝጓል። ለጥገናው የሚሆን ብረት ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቆረጥሁ። አባዬ ዛሬም መዶሻ አላነሳም። ብርዱ ነው። ሞገስ አልደወለም፤ ስልኬን ያየሁት ሰዓት ለማወቅ ነው።

የካቲት 24፣ ሰኞ

ዘቢባ ሱቅ ሄጄ ነበር። ዘቢባ በገበያው ጥግ ድስትና ፔርሙዝ ትሸጣለች፤ የማድ ቤት ቢላዎቼን ከፊት አድርጋ የምትሸጥልኝም እሷ ናት። ረመዳን ስለሆነ ከንፈሯ ደርቋል፤ ወሬዋ ግን አልደረቀም።

እኔ ከድስቶቹ ጀርባ ሆኜ አንዲት ሴትዮ ገባች። አንዱን ቢላ አንስታ ጥፍሯ ላይ ሞከረችው፤ ዓይኗ በራ።

«ይህቺ ናት ቢላ! ያለፈውን የፋብሪካ ቢላ ወርውሬዋለሁ፤ ቲማቲም እንኳ ይጨፈልቃል እንጂ አይቆርጥም። ግን ዘቢባ፣ የእነዚህ የእኛ ጠይቦች ሥራ አይደለም አይደል? ልጆች አሉኝ።»

ዘቢባ አየችኝ። ከዚያ ሴትዮዋን አየች።

«ከባሕር ዳር ነው የሚመጣልኝ።»

ሴትዮዋ ሁለት ገዝታ ሄደች።

«ለምን?» አልኋት።

«ወላሂ ላንቺ ብዬ ነው! ሰው ቢላውን ይወዳል፣ እጁን ይፈራል። እኔ ምን ላድርግ?»

«እጁ የማን እንደሆነ መናገር ነዋ።»

«ነግሬ ቢቀርስ?»

የተሸጡትን ሒሳብ ተቀብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን መልሱ መጣልኝ። ቢቀር ይቅር። እጅ የሌለው ቢላ የለም።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ካራው አለቀ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የአያቴን ስለት አልነካሁም፤ ዝገቱን ብቻ አስለቀቅሁለት። ሥሩን በአዲስ ብረት ቀጥዬ፣ እንዲጠነክር ውሃ አጠጥቼ፣ የጎሹን ቀንድ ስንጥቅ በናስ አሰርሁት። በመጨረሻም በድንጋይ ላይ ሙሉ ጠዋት ሳልሁት። ክንዴ ላይ ስሞክረው ጸጉሬን ሳይሰማኝ ላጨው።

ጋሽ ካሳሁን ደጅ ቆመው ተቀበሉ። በጣታቸው ጎኑን ዳበሱ፣ አገላበጡ፣ ወደ ፀሐይ አነሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ዓለምነው! እጅህ ይባረክ! ልክ አባቴ ከአደን በተመለሰበት ቀን እንደነበረው!»

 አባዬ ቀኝ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ዘረጋው። ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በነፋስ ቀን እንዳለ ቅጠል።

«ጌታው፣ ይህ እጅ ከመስከረም ወዲህ መዶሻ አላነሳም። ስኒም አያነሳም። የሠራችው ልጄ ናት።»

ይህን ለእኔም አልነገረኝም ነበር። እኔም አልጠየቅሁትም። ብርድ ነው እያልሁ ስንት ወር አሳለፍሁ።

ጋሽ ካሳሁን ካራውን እንደሚያቃጥል ነገር መስፉ ላይ ቶሎ አስቀመጡት። መስፉ ብረት የምንቀጠቅጥበት ነው፤ ጩኸቱ አንቃጨለ።

«ሴት ልጅ?»

«ሴት ልጅ» አልኋቸው እኔው።

ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ከዚያ ካራውን አንስተው በሻሹ ጠቅልለው ሄዱ። ምስጋና የለም። ግን ጥለውትም አልሄዱም፤ በብብታቸው ነው ያቀፉት።

መጋቢት 5፣ ዓርብ

ሞገስን አገኘሁት። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው የባሕር ዛፍ መንገድ ነው የምንገናኘው። በዋናው መንገድ ባጃጅ ይበዛል ይላል። እውነቱን ነው፣ ይበዛል።

«አባዬ ስለ ካራው ማውራት አልተወም» አለኝ። «ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያወጣ ያሳያል።»

«ማን ሠራው ይላል?»

ጫማውን አየ።

«ስለ እኛ ለመንገር ደግሞ ጊዜው አይደለም፤ ከፋሲካ በኋላ።»

ደክሞታል። ስልሳ ተማሪ በአንድ ክፍል እያስተማረ እንዴት አይደክመው።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ፍቅርተ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጥታ ደፉ ላይ ተቀመጠች። የጎረቤቴ የሙሉ ልጅ ናት፣ ሰባት ዓመቷ። ሙሉና እኔ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው ያደግነው፤ አሁን ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ስታገባ ከሁሉ የሚሻለውን የማድ ቤት ቢላዬን፣ የወይራ እጀታ ያለውን፣ የሰጠኋት እኔ ነኝ።

ፍቅርተ የቀላውን ብረት አይታ፣ «ሲመታ ያመዋል?» አለችኝ።

«ሲቀዘቅዝ ይረሳዋል።»

«እኔ ግን የመታኝን አልረሳም።»

ሳቅሁ። ሹሩባዋን ነካ አድርጌ «ፀጉርሽ እንዴት ያምራል!» አልኋት።

ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ሙሉ ጮኸች። «ፍቅርተ! አሁን ነይ! ግቢ አልሁሽ!» እንዲህ ያለ ድምፅ ከሙሉ ሰምቼ አላውቅም። ልጅቷ ቦርሳዋን እንኳ በደንብ ሳታነግት ሮጠች።

ጊዜው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ምናልባት ልታጥባት ይሆናል።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ፍቅርተ ታማለች። ትናንት ከትምህርት ቤት ሆዷን ይዛ ጎብጣ መጣች። በግድግዳው በኩል ስታስታውክ እሰማለሁ። ሄጄ ላያት ብል የሙሉ ባል አለሙ በር ላይ ቆሞ «ተኝታለች» ብሎ መለሰኝ። አልተኛችም፤ ስታለቅስ ይሰማል።

ጠዋት ነጠላዬን አጥቤ ገመድ ላይ ሰቅዬ ነበር። ሳወርደው ጥጉ የለም። መዳፍ የሚያህል ተቆርጧል። በመቀስ የተቆረጠ አይደለም፤ አቆራረጥ አውቃለሁ። ክሩ አልተንጠለጠለም፣ ጫፉ አልተጎተተም፣ በአንድ ስበት ነው የሄደው። በእኔ ቢላ ነው የተቆረጠው። በወይራው።

ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ በግድግዳው አናት መጣ። የበላት ሰው ጨርቅ ሲታጠን ልጅቷ ትለፈልፋለች፣ ስሙን ትጠራለች ይላሉ።

እሰማ ነበር። አለሙ ይጠይቃል፤ «ማን ናት? ንገሪኝ፣ ማን ናት?» ልጅቷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሆዴን። እማዬ ሆዴን።»

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ከሰሉ እስኪያያዝ እጽፋለሁ። ዛሬ አይያያዝልኝም።

ማለዳ ሙሉ መጣች። ብቻዋን። ፀጉሯ አልተሠራም። ደፉን አልፋ ገብታ እግሬ ሥር ወደቀች።

«ሕይወቴ፣ በማርያም! እንትፍ በይልኝ! ሌላ ምንም አልፈልግም። አልቀየምሽም። ብቻ መጥተሽ እንትፍ በይባት።»

«ሙሉ፣ ተነሺ።»

«ሳትፈልጊ ነው የበላሻት፣ አውቃለሁ፤ ሳይታወቅሽ ነው። ሳታውቂ ነው! ቆንጆ ናት ብለሽ ነው!»

አስነስቼ ከወናፉ አጠገብ አስቀመጥኋት። «የት ነው የሚያማት?» አልኋት።

መጀመሪያ እምብርቷ ዙሪያ ነበር። አሁን ወደ ታች ወርዶ በቀኝ በኩል ነው። ቀኝ እግሯን ዘርግታ መተኛት አትችልም። ታተኩሳለች።

ቀሚሴን ከጎኔ ገልጬ ጠባሳዬን አሳየኋት። ባሕር ዳር ሙያ ስማር ነው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። እንዲሁ ጀምሮ እንዲሁ ወረደ። ሐኪሙ ግማሽ ቀን ብትዘገዪ ኖሮ ይፈነዳ ነበር ብሎኛል።

«ትርፍ አንጀት ነው፣ ሙሉ። ሆስፒታል አሁኑኑ።»

«አለሙ እሺ አይልም። ነገ ጣራ ገዳም ጠበል ይዘናት እንሄዳለን ብሏል። እንትፍ ካላልሽ ደግሞ...» አልጨረሰችውም። በግድግዳው ማዶ አለሙ ለአንድ ሰው «ቤቷን ነው የማነድደው» ሲል ሁለታችንም ሰማን።

አባዬ መደቡ ላይ ተቀምጦ ሁሉን ይሰማል። የአባዬ እናት፣ አያቴ፣ በወጣትነቷ እንዲህ ለምነዋት፣ ኋላ አስረው ገርፈዋታል። «እንትፍ በይ፣ ይተዉሻል» ቢሏትም አላለችም። ጀርባዋ ላይ እስክትሞት ድረስ የጅራፍ መንገድ ነበረ። በቤታችን እንደ ርስት የሚወራ ነገር ነው፤ እኛ አንተፋም። የተፋ አመነ ማለት ነው።

አባዬን አየሁት። እሱ እጁን ነበር የሚያየው።

ካልተፋሁ ልጅቷን ጠበል ይዘዋት ይሄዳሉ፣ መንገድ ላይ ትሞታለች። ከተፋሁ እኔ ቡዳ ነኝ፤ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ አባዬም፣ አያቴም፣ የምወልደውም።

ሽርጤን ፈታሁ። ከሙሉ ቀድሜ ወጥቼ አለሙ ፊት ቆምሁ። ዱላ ይዟል።

«እተፋለሁ» አልሁት።

ከግራ ከቀኝ ራስ ብቅ ብቅ አለ። ለካ በየአጥሩ ሥር ሰው ነበር።

«ግን እዚህ አይደለም። ሆስፒታሉ በር ላይ ነው የምተፋው። ልጅቷን ባጃጅ ውስጥ አስገብተህ በሩ ድረስ ካመጣሃት እተፋለሁ። ከዚያ ውጭ ብትገድለኝም አልተፋም። የአያቴን ነገር ጠይቅ።»

 ይህን ሁሉ የጻፍሁት ከተመለስሁ በኋላ ነው። ጽሕፈቴ ተዘበራርቆብኛል። ነገ እቀጥላለሁ።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ።

ትናንት በሩ ላይ አለሙ ልጁን ታቅፎ ቆመ። ዘበኛው፣ ባጃጅ ነጂዎቹ፣ ሙዝ ሻጮቹ ሁሉ ያያሉ። ፍቅርተ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ። አፌ ደርቆ ነበር፤ ምራቅ ይውጣ አይውጣ አላውቅም። አንዲት ሴት «አመነች!» ስትል ሰማሁ።

«ግባ» አልሁት አለሙን። ቃሉን ጠበቀ። ገባ።

ከሰዓት በኋላ ቀደዷት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ስትወጣ ጭንብሏን አውርዳ «ሊፈነዳ ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ ማን ነው ያመጣት?» አለች። ሙሉ እኔን አሳየች፤ አለሙ ግድግዳውን አየ።

ዛሬ ሐኪሟ ስታልፍ አንድ ነገር ጠየቅኋት። የቀደዳችሁበት ስለት የማን ሥራ ነው? አልኋት።

ሳቀች። «የፋብሪካ ነው። አንዴ ቆርጦ ይጣላል።»

«ይጣላል?»

«አዎ፣ አንድ ሰው ብቻ አድኖ ነው የሚጣለው።»

ይህን ሳስብ ዋልሁ። እንዲህ ያለ ስለት ስሙን ማንም ሳይጠይቀው ሥራውን ሠርቶ ይሄዳል።

ፍቅርተ ነቅታለች። ውሃ ጠማኝ ትላለች፤ አይፈቀድም። ሙሉ እጄን ይዛ አለቀሰች፤ ነጠላዬን አየችና ደግሞ አለቀሰች። ነጠላዬን አጣጥፌ ጥጉን ከሥር አደረግሁት። ልላት የምፈልገው ብዙ ነበር።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ከተማው ሁሉ የሚያወራው አንድ ነው። ትርፍ አንጀት የሚል የለም። «የቀጥቃጩ ልጅ በላቻት፤ እንትፍ ስትልባት ዳነች።» ሐኪሟ የለችም፣ ስለቱ የለም፣ ስፌቱ የለም። ምራቄ ብቻ ነው ያለው።

ለምን ተፋሁ? ሌላ መንገድ ነበረ ይሆን? ፖሊስ ብጠራስ? ዘቢባን ብልክስ? ሐኪሟን ቤት ድረስ ባመጣስ? ጊዜ ነበረ? አልነበረም። ነበረ ይሆን?

ሞገስ መጣ። እዚህ፣ ቤታችን፣ በዋናው መንገድ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ለዚህ ነው እንግዲህ።

«ለምን ተፋሽ?» አለኝ ገና ሳይቀመጥ። «ሃያ ጊዜ ለአባዬ የቡዳ ነገር ተረት ነው ስለው ነበር። አንቺ በአደባባይ አመንሽለት።»

«ልጅቷ አልሞተችም።»

«እሱን ማን ያወራል?»

«ማንም አያወራም። ለዚህ ነው እኔ የምልህ።»

ቆመ። ኮቱን አስተካከለ። «ጊዜ ስጪኝ፣ ሕይወት።»

«ጊዜውን ውሰደው» አልሁት። «እኔን ግን ተወኝ። ሃያ ጊዜ ነገርሁት አልህ፤ ስለ እኔ ግን አንድ ጊዜ አልነገርኸውም።»

ሄደ። ቁጥሩን ከስልኬ አጠፋሁት። በቃሌ የማውቀው ቁጥር ነው፤ ቢሆንም አጠፋሁት።

አባዬ ሁሉን ሰምቷል። «እናቴ ስትገረፍ ሆስፒታል አልነበረም» አለኝ። «ቢኖር ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር እኔ አላውቅም። አንቺም አታውቂም።»

በሁለት እጁ ስኒውን ይዞ፣ ግማሹን ጋቢው ላይ እያፈሰሰ፣ ጠጣ። ልረዳው ብነሳ «ተይኝ» አለኝ።

መጋቢት 23፣ ማክሰኞ

ሥራ የለም። ሳምንቱን ሙሉ አንድ ሰው አልመጣም። የሙሽራ ቤት ያዘዙት አሥራ ሁለት ቢላ «ይቅር» ብለው ላኩ።

ቢሆንም ወናፉን እነፋለሁ። የሚገዛ ባይኖርም እቀጠቅጣለሁ። ድምፁን ይስሙት።

ከምሳ በኋላ እማማ ፈንታነሽ መጡ። በከተማው የሠርግና የተዝካር ወጥ ሲሠሩ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ቢላቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ አባዬ የሠራላቸው ነው፣ በመሳል ብዛት ጠቦ ጣት አክሏል።

«ይህን ሳሉልኝ» አሉ። ከዚያ ሳይጠየቁ ገብተው አባዬ ጎን መደቡ ላይ ዱብ አሉ። «ውሃ የለም እዚህ ቤት?»

አመጣሁላቸው። ጠጡ። ጨርሰው ብርጭቆውን ገልብጠው አሳዩኝ።

«እማማ፣ የሚወራውን አልሰሙም?» አልሁ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ በዚህ ቢላ የስንቱን ሠርግ ሽንኩርት ከትፌያለሁ። ሰው በላ ብትሆኑ ኖሮ ደብረ ታቦር ይሄኔ ባዶዋን ነበረች።»

አባዬ ሳቀ። ከመስከረም ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም።

ማምሻውን ዘቢባ የዒድ ብስኩት ይዛ መጣች። ስለ ባሕር ዳሩ ነገር አላነሳችም። ስትወጣ ግን በር ላይ ዞር ብላ፣ «ዛሬ አንዷ ጠየቀችኝ» አለች። «የሕይወት ዓለምነው ሥራ ነው አልኋት። ጥላው ወጣች። ወላሂ ደስ አለኝ።»

መጋቢት 29፣ ሰኞ

ያልጠበቅሁት ነገር መጣ።

አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ደጄ ቆመች። አላውቃትም። ልጁ ሦስት ቀን አስቀምጦታል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል። «የማን ዓይን እንደሆነ አላወቅንም፤ አንቺ ግን የምታድኚ ነሽ አሉኝ። እንትፍ በይልኝ።»

ምን ልበል? ቡዳ ነኝ የሚለው አልበቃ ብሎ አሁን ደግሞ መድኃኒት ሆንሁ። ልቆጣ አፌን ከፈትሁ። የልጁን ከንፈር አይቼ ዘጋሁት።

«ጤና ጣቢያው በር ላይ እንትፍ እላለሁ» አልኋት።

ሄድን። ተፋሁ። ገባች። ግሉኮስ ተከሉለት።

ስመለስ አባዬ «ስንተኛው በር ነው?» አለኝ። ሁለተኛው አልሁት። «እንዲህ በየበሩ እየተፋሽ ልትኖሪ ነው?» ወናፉን ነፋሁ።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ፣ ሕማማት

የጋሽ ካሳሁን ዘበኛ ሦስት ቢላ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣ። ለፋሲካው በግ እንዲሳልላቸው ነው። «እዚያው በር ላይ አስቀምጠህ ና፤ ነገ ትወስዳለህ» ተብሏል። ከደፉ ሳይገባ እጁን ዘርግቶ ወረወረልኝ ማለት ይቻላል።

ጋዜጣውን ሳልፈታ መለስሁለት።

«እንዲህ በላቸው። ቢላ የሚያስል ሰው ራሱ ይምጣ። ይግባ፣ ይቀመጥ፣ ጾሙ ሲፈታ ውሃችንን ይጠጣ። አባቴን አንቱ ይበል። ያኔ ጸጉር የሚቆርጥ አድርጌ እስልላቸዋለሁ። ካልሆነ በዱልዱሙ ይረዱ።»

ዘበኛው «እንዲሁ ልበላቸው?» አለ።

«ቃል ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።»

ከሄደ በኋላ የቀዘቀዘ ብረት ደጋግሜ ቀጠቀጥሁ። ንዴት ነው።

ሚያዝያ 11፣ ቅዳሜ

ገበያው በግና ዶሮ፣ ቄጤማና ሽንኩርት። የሰው እግር መርገጫ የለም።

እስከ ዛሬ ቢላችን በሰው ሱቅ ነው የሚሸጠው። ዛሬ ራሴ ወጣሁ። ጆንያ ዘርግቼ አርባ ቢላ ደረደርሁ፤ በእያንዳንዱ ላይ በመሮ «ሕይወት» ብዬ ስሜን ቆርጬበታለሁ፣ ገና ሲቀላ። አባዬ ጎኔ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ የሚንቀጠቀጠውን እጁን ጉልበቱ ላይ አውጥቶ፣ ሳይሸፍን።

እስከ ስድስት ሰዓት ማንም አልገዛም። ያዩናል፣ ያልፋሉ፣ እያለፉ ልጃቸውን በዚያኛው እጃቸው ይይዛሉ። አንዱ «ደግሞ ስሟን ጻፈችበት» አለ። «እስከ ቤትህ ድረስ ይከተልህ ብዬ ነው» አልሁት።

ከዚያ ሙሉ መጣች። ፍቅርተን በእጇ ይዛለች፤ ልጅቷ ገና ጎንበስ ብላ ነው የምትራመድ። ሙሉ በገበያው መካከል የልጅቷን ቀሚስ አነሳ አድርጋ ስፌቱን አሳየች፤ በቀኝ በኩል፣ ቀይ፣ ጣት የሚያህል።

«እዩት!» አለች። «ይህ የምራቅ ሥራ ነው? ሐኪም ነው የቀደዳት። ሆስፒታል ውሰጃት ያለችኝ ሕይወት ናት። እኔ ነጠላዋን ቆርጬ ያጠንሁ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁ!»

ሁሉም አላመናትም፤ አውቃለሁ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። አለሙ ከኋላ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አንድ ቢላ መረጠ፤ ትልቁን፣ የበግ ማረጃውን። ስሜን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ።

ማታ ስንቆጥር አሥራ ሰባት ቢላ ተሽጧል። ሃያ ሦስቱን ይዘን ገባን። ጋሽ ካሳሁን አልመጡም። ነገ በጋቸውን በምን እንደሚያርዱ አላውቅም፤ ቤታቸው ካለው ስለት ሁሉ የሚቆርጠው ያ ካራ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ እጅ አለበት።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ከወንዛዬ በኩል አንዲት ሴት መጣች። ከሐሙሲት በሚኒባስ ነው የመጣችው። በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ትንፋሹ ይፏጫል፣ ደረቱ ወደ ውስጥ እየገባ ይወጣል። ሦስት ሰው ጠይቃ ነው ቤታችንን ያገኘችው። «የምትተፋዋ ባለ እጅ አንቺ ነሽ?»

አባዬ አየኝ።

«ባለ እጅ ነኝ» አልኋት። «ነይ፣ ባጃጅ እንያዝ» ብዬ ሽርጤን ፈትቼ አብሬያት ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ የልጁን ጀርባ ደግፌ ያዝሁላት። ስትፈራ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋት።

ሆስፒታሉ በር ስንደርስ ወርዳ ቆመች። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ፊቱን ገለጠችልኝ።

«አሁን እንትፍ በይልኝ» አለች።

ዘበኛው ያውቀኛል፤ ለማየት ቀረብ አለ። ሙዝ ሻጮቹም ዞሩ። ለሁለተኛው ልጅ ቀላል ነበር፤ ለሦስተኛው ከዚያም ይቀልል ነበር። አንድ ጊዜ እንትፍ ማለት ምን አለው? ግን ዛሬ ብተፋ ነገም እተፋለሁ፣ ለአሥረኛውም። ከዚያ አንድ ቀን ልጇ የሚሞትባት እናት ትመጣለች፤ ያኔ የገደልሁት እኔ ነኝ።

«ምራቄ አልቋል» አልኋት። «እዚህ የሚያድን ነገር ካለ ከዚያ በር ወዲያ ነው ያለው። ግቢ።»

«አልተፋሽም እኮ።»

«አልተፋም። እኔ ብረት ነው የምቀጠቅጠው፣ ሌላ ሙያ የለኝም። እዚህ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ እስክትወጪ የትም አልሄድም። ግቢ፣ እህቴ።»

ዓይኔን አየችኝ። አልሸሸሁም፣ አላቀረቀርሁም። በሕይወቴ ሙሉ ሰው ይህን ዓይን ሲፈራው ነው የኖረ፤ እሷ ግን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ልጇን ወደ ደረቷ ጥብቅ አድርጋ ይዛ፣ ነጠላዋን ደረበችበትና ገባች።